ውስጡ ያልደረቀ እንጨት

በቤታችን ከመስኮቱ ሥር አንድ የልብስ መተኮሻ ጠረጴዛ ነበር። ረጅም ነው፤ ከእኔ ቁመት ይበልጣል። አንዱ ጫፉ ክብ ነው፤ ሌላው ቀጥ ብሎ የተቆረጠ። በአሮጌ ብርድ ልብስና በነጭ አቡጀዲ ጠቅልዬዋለሁ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ የእሑድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የልጆች ዩኒፎርም ተኩሼበታለሁ። አቡጀዲው ሲያረጅ የምቀይረው ግን ቤት ውስጥ ሰው በሌለበት ሰዓት፣ በሩን ዘግቼ ነበር።

ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፍላችሁ ራሴን ላስመሰግን አይደለም፤ የሚያስመሰግን ነገር የለበትም። ልጅ የምታሳድጉ፣ በተለይም እንደ እኔ በፍርሃት የምታሳድጉ ሰዎች፣ እኔ ከደረስኩበት እንዳትደርሱ ብዬ ነው። ስሜ ሊሊኖዌ ይባላል። በሃላኬያ የባሕር ዳርቻ ተወልጄ እዚያው አርጅቻለሁ።

የልጅ ልጄን ኖሄያን ልጄ ብላት ይቀለኛል። በእኛ ልማድ የመጀመሪያ የልጅ ልጅ ለአያት ይሰጣል፤ እናቷም ኖሄያን የሰጠችኝ ጡት እንደጣለች ነው። ከዚያች ቀን ጀምሮ የረባ እንቅልፍ ተኝቼ አላውቅም። ስታነጥስ እደነግጣለሁ። ዛፍ ላይ ስትወጣ ከሥር ቆሜ ቀሚሴን እዘረጋለሁ። ከሁሉ የምፈራላት ግን ባሕሩን ነበር። ቤታችን ከውሃው ሁለት መቶ እርምጃ አይርቅም። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ በወጉ ሳይራመድ ይዋኛል፤ የእኔ ልጅ ግን የተፈቀደላት እስከ ጉልበቷ ብቻ ነው። «ከጉልበት በላይ የባሕሩ ነው» እላታለሁ። እሷም ታዛዥ ልጅ ስለነበረች ጉልበቷ ላይ ስትደርስ ትቆማለች፤ ጓደኞቿ እዚያ ማዶ ሲንጫጩ ቆማ ታያቸዋለች።

አሥራ አራት ዓመት የሞላት ጊዜ፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ዩኒፎርሟን ስትተኩስ ካውያውን ጨርቁ ላይ አስቀምጣ በመስኮት ከጎረቤት ልጅ ጋር ወሬ ያዘች። እኔ ጓሮ ጎደሬ እነቅል ነበር። የተቃጠለ ጨርቅ ሸተተኝ። ሮጬ ስገባ ካውያውን አንሥታ፣ የተቃጠለውን አቡጀዲና ብርድ ልብሱን ገፍፋ፣ ባዶው ጣውላ ላይ እጇን ዘርግታ ቆማለች። ጣውላው ጥቁር ነው። ትናንት ዘይት የጠጣ ይመስል ያበራል።

«ቱቱ» አለችኝ፤ አያቶቻችንን የምንጠራው እንዲህ ነው። «ይሄ እኮ ጠረጴዛ አይደለም።»

«ጠረጴዛ ካልሆነ ታዲያ ሃምሳ ዓመት በምን ላይ ነው የተኮስኩት፣ በአህያ ጀርባ ላይ?»

«የማዕበል ጣውላ ነው። ትምህርት ቤት በድሮ ፎቶ አይቼዋለሁ፤ ሰዎቹ ቆመውበት ማዕበሉን ሲጋልቡ። ይኸው፣ እግሮቹ በኋላ በሚስማር የተመቱ ናቸው። ማን ነው እግር ያበቀለለት?»

«ሸፍኚው።»

«የማን ነው ግን?»

«ሸፍኚው አልኩሽ!»

ጮኼባት ስለማላውቅ ደነገጠች። እኔም ከእሷ ይልቅ ደነገጥኩ። እራት ላይ ነገርኳት። ታላቅ ወንድሜ ፓኪ ነው የሠራው፣ ከጓደኛው ከካዌና ጋር ሆኖ። ፓኪ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር፤ እኔ አሥራ አራት። አንድ የማዕበል ቀን ይዞት ገባ። ባሕሩ ጣውላውን በዚያው ቀን መለሰልን፤ ፓኪን ሁለት ቀን አቆይቶ መለሰልን። እናቴ ጣውላውን ላቃጥለው ስትል አባቴ «እንጨት ምን አጠፋ?» ብሎ እግር መታበትና ለልብስ መተኮሻ ሰጣት። ከዚያ ወዲህ በቤታችን የፓኪ ስም አይነሣም። እኔም ከዚያ ወዲህ ውሃ ውስጥ ገብቼ አላውቅም።

ይህን ሁሉ የነገርኳት እንድትፈራ ነው። ለቅሶም መጣልኝ። ኖሄያ እጄን ይዛ አብራኝ አለቀሰች። ዓይኗን ከጠረገች በኋላ ግን ምን ብትለኝ ጥሩ ነው?

«ጋሼ ካዌና መሥራት ያውቃሉ ማለት ነው?»

ካዌና ከእኛ ቤት ወዲያ፣ ከዊሊዊሊ ዛፎቹ ሥር፣ ከሚስቱ ከሎካሊያ ጋር ይኖራል። ሰባ ዓመቱ ነበር። መረብ እየጠገነ ይውላል። ወጣቶቹ ከከተማ የሚመጣውን የፋብሪካ ጣውላ ይዘው በፊቱ ሲያልፉ ኮፍያውን አንሥቶ «ይሄ ነገር ሲሰበር ለሾርባ ማገዶ ይሆናል ወይስ ለምን?» እያለ ያስቃቸዋል። ከአንድ ግንድ የማዕበል ጣውላ ጠርቦ ማውጣት የሚያውቅ በዚያ ዳርቻ የቀረው እሱ ብቻ ነበር።

ኖሄያ በማግስቱ ሄደች። እሱም አባቶቻችን እንደሚያደርጉት አደረገ፤ ወደ እኔ መለሳት። በእኛ ዘንድ አዋቂ ሰው የቤቱ ታላቅ በገዛ አንደበቱ «አስተምርልኝ» ካላለ በቀር የሰው ልጅ አያስተምርም። ልማዱ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ልጅን ከክፉ አስተማሪ ይጠብቃል። ነገር ግን ቁልፉ በፈሪ እጅ ሲገባ ምን እንደሚሆን እኔን እዩ።

«ቱቱ፣ ቃልሽን ብቻ ስጪኝ። አንድ ቃል ናት።»

«ዊሊዊሊ ሲያብብ ሻርክ ይናከሳል ሲባል አልሰማሽም?»

«አሁን መቼ አበበ?»

«ያብባላ!»

«እንግዲያው ካበበ ከውሃው እወጣለሁ።»

«ዋና እንኳ አታውቂም።»

«ማን ከለከለኝ?»

ዓሣውን ወደ እሷ ገፋሁላትና «ብዪ፣ ይቀዘቅዛል» አልኩ። አጥንቱን አስቀድሜ አውጥቼላት ነበር፤ በአሥራ አራት ዓመቷ እንኳ የዓሣ አጥንት የማወጣላት እኔ ነበርኩ።

በነጋታው ወደ ካዌና ሄድኩ። ሎካሊያ ዓሣ ትከትፋለች፤ እሱ መረቡን ጭኑ ላይ ዘርግቷል።

«ልጄን ተዋት» አልኩት፣ ቁጭ በይ እንኳ ሳይሉኝ።

«ምን አደረግኳት? መጥታ ጠየቀች፣ ወደ አንቺ ላክኋት።»

«ስለ እንጨት እንዳትነግራት። ስለ ማዕበልም፣ ስለ ምንም። አፍህን ያዝ።»

ካዌና መርፌውን መረቡ ላይ ሰካ። «ሊሊኖዌ፣ እስቲ ስሚኝ። እኔ አርጅቻለሁ። ልጆቼ ከተማ ናቸው፣ ስለ እንጨት ሳወራ ያዛጋሉ። ይቺ ልጅ ግን ዓይኗን አይቼዋለሁ፤ ብትከለከልም መግባቷ አይቀርም። ሳታውቅ ከምትገባ አውቃ ብትገባ አይሻልም?»

«ፓኪም አውቆ ነበር የገባው።»

«ፓኪ እኮ...»

«ወንድሜን የበላው የአንተ እጅ ነው» አልኩት።

ሃምሳ ዓመት በሠርግም በለቅሶም አብረን ተቀምጠናል፤ ያን ቃል አንድም ቀን ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። እውነት እንዳልሆነም አውቃለሁ። ሎካሊያ ቢላዋዋን አስቀምጣ ቀና አለች። ካዌና አልተቆጣም። መርፌውን ነቅሎ ወደ መረቡ ተመለሰ።

«እሺ» አለ። «የቤቱ ታላቅ አንቺ ነሽ። አፌን ይዣለሁ።»

እኔም ያሸነፍኩ መስሎኝ አንገቴን ቀና አድርጌ ወጣሁ።

ከአሮጌው ትምህርት ቤት ጀርባ የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት ትልቅ የእንጨት ገንዳ ነበር። የብረት ቀለበቶቹ ዝገው ከተበጠሱ ወዲያ ጣውላዎቹ ሣር ውስጥ ወድቀው ከርመዋል። ኖሄያ መምህሯን አስፈቅዳ ሰባቱን አንድ በአንድ እየጎተተች ከጓሯችን ባለው ባዶ የአህያ በረት ውስጥ አስገባቻቸው። ጥቅጥቅ ያለ ቀይ እንጨት ነው። መጋዝና መላጊያ ከትምህርት ቤቱ የእንጨት ሥራ ክፍል ተዋሰች፤ ኮላም ከዚያው ለመነች። እኔ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ጠብቃ የፓኪን ጣውላ በሲባጎ ለካችው። ሲባጎዋን በኋላ ኪሷ ውስጥ አገኘሁት፤ ለርዝመቱ አንድ ቋጠሮ፣ ለወገቡ አንድ፣ ለጭራው አንድ። መልሼ ኪሷ ውስጥ ከተትኩት።

አዎን፣ አውቅ ነበር። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቅ ነበር። የመላጊያው ድምፅ ጎደሬዬ ድረስ ይሰማ ነበር። ማታ ማታ የቆሰለ መዳፏን በዘይት እያሸሁላት «ምን ነክቶሽ ነው?» አልላትም፤ እሷም አትነግረኝም። አንድ ቀን አውራ ጣቷን መጋዝ ልጧት መጣች። አጥቤ በጨርቅ አሰርኩላት፤ ስለ መጋዙ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይነቅዛል፣ ልጆቼ። የእኔ ዝምታ ነቅዟል።

ጣውላዎቹን ጎን ለጎን በኮላ አጣብቃ በገመድ ጠፍራ ባሰረቻቸው በሳምንቱ፣ ካዌና በአጥሬ ላይ ብቅ አለ። ኮፍያውን አውልቆ በሁለት እጁ ይዞታል።

«ላንቺ መናገር አልተከለከልኩም» አለ። «በረቱ በር ላይ ሳልፍ እንጨቱን አየሁት። ውስጡ አልደረቀም። ሠላሳ ዓመት ውሃ የጠጣ ገንዳ በአንድ በጋ አይደርቅም፤ የደረቀው ላዩ ብቻ ነው። ኮላ ደግሞ እርጥብ እንጨት አይዝም፤ የያዘ ይመስላል እንጂ። የመጀመሪያው ትልቅ ማዕበል ከመሃል ይከፍተዋል።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ንገሪያታ! ታላቅቃቸው። በየመካከላቸው ቁራጭ እንጨት እያስገባች ጥላ ሥር ትደርድራቸው፤ ስድስት ወር ትጠብቅ። ሌላ ምንም አልልም። እኔ ነኝ ያልኩት አትበያት፣ ራስሽ እንዳወቅሽው አድርገሽ ንገሪያት።»

«እሺ» አልኩት።

አልነገርኳትም።

ለምን እንዳልነገርኳት ልጻፍላችሁ፣ ይህን ሁሉ የምጽፈውም ለዚህ ነው። ስድስት ወር ጠብቂ ብላት ጥሩ ጣውላ ይኖራታል። ጥሩ ጣውላ ካላት ትሄዳለች። ዝም ካልኩ ግን ጣውላው እዚያው ዳር ላይ፣ ጉልበቷ በሚደርስበት ውሃ ውስጥ ይከፈትባታል፤ ታለቅሳለች፣ ሁለት ቀን ታኮርፋለች፣ ከዚያ ትተወዋለች። በዚያች ሰዓት የእኔ ጠበቃ መጥፎው ጣውላ ነበር። ልጄን ከባሕሩ እንዲያስጥልልኝ የተማመንኩት በሚከፈት እንጨት ነው። ፈሪ ሰው ሲያስብ እንዲህ ነው የሚያስበው፤ ለራሱ ግን ብልህ ይመስለዋል።

ቅዳሜ ጠዋት ልብስ አስጥቼ ስመለስ የበረቱ በር ተከፍቷል። ውስጡ የእንጨት ፍቅፋቂ ብቻ ነው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። በባዶ እግሬ ሮጥኩ።

ዳር ላይ አልተከፈተም። ልጄ በሆዷ ተኝታበት፣ በእጇ እየቀዘፈች፣ ጓደኞቿ ከሚጫወቱበት አልፋ ማዕበሉ ከዳር ጀምሮ ወደ ባሕሩ በተዘረጋው ቋጥኝ ላይ ከሚሰበርበት ደርሳለች። ተጣራሁ፤ ባሕሩ ከእኔ ይበልጥ ይጮኻል። አንድ ማዕበል ተነሣ። ኖሄያ ዞረች፣ ቀዘፈች፣ ከዚያ ቆመች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እስኪቆጠር ድረስ እጆቿን ዘርግታ ቆመች። ፊቷ አይታየኝም፤ ግን እየሳቀች እንደነበር አሁንም እምላለሁ።

ከዚያ ጣውላው ጧ አለ። ከመሃል ተከፈለ። ግማሹ ወደ ላይ ተስፈንጥሮ ሲመለስ ጠርዙ ጭንቅላቷን መታትና ጠፋች።

ውሃው ውስጥ ገባሁ። እስከ ጉልበቴ ገባሁና ቆምኩ። ዋናን እኔም በሃምሳ ዓመት ረስቼዋለሁ! እግሬ አልሄድ አለኝ። «ኖሄያ! ኖሄያ!» እያልኩ እጄን እንደ ወፍ ሳርገበግብ አንድ ሰው በጎኔ አለፈ። ካዌና ነው። ወደ እሷ በቀጥታ አልሄደም፤ በቋጥኙ ላይ በግራ በኩል ሮጦ ውሃው ከዳር ወደ ባሕሩ የሚመለስበት ጥልቅ መንገድ ውስጥ ዘሎ ገባ። ያ ውሃ ያለ ምንም ልፋት ወስዶ አጠገቧ አደረሰው። የሰባ ዓመት ሽማግሌ! መግቢያው የት እንደሆነ ለልጄ ቢነገራት ኖሮ አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃ ነበር።

ግማሹን ጣውላ በደረቷ ሥር አድርጎ አወጣት። ትተነፍሳለች። ከግራ ጆሮዋ ደም ይወርዳል። አቅፌያት አሸዋው ላይ ስንከባለል ካዌና ከጎናችን ተቀምጧል፤ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል፣ ትንፋሹ ይቆራረጣል። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅኩ። ያኔ ቢሰድበኝ እንዴት በወደድኩ!

«ቆመች እኮ» አለኝ። «አየሻት? ቆመች።»

ከእሱ አፍ የሰማሁት የመጨረሻ ቃል ይህ ነው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት መረቡ ላይ ተደፋ፤ ቀኝ ጎኑና ምላሱ ተያዙ። ሐኪሙ በዚህ ዕድሜ የሚያጋጥም ነው፣ ባሕሩ ነው ያመጣው ማለት አይቻልም አለኝ። ሐኪሙ ደግ ሰው ነው።

ልጠይቀው ስሄድ ሎካሊያ በሩ ላይ ቆመች። ዓይኗ አብጧል።

«አፍህን ያዝ ብለሽው ነበር» አለችኝ። «ይኸው ያዘልሽ።»

መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር። እሷ ግን ያን ከተናገረች በኋላ ከበሩ ገለል ብላ ወንበር ሳበችልኝ።

የኖሄያ ግራ ጆሮ ከዚያ ወዲህ አይሰማም። ከሆስፒታል እንደወጣች በቀኟ በኩል ተቀመጥኩና የማይነገረውን ነገርኳት።

«ጋሽ ካዌና መጥቶ ነግሮኝ ነበር። እንጨቱ ውስጡ እርጥብ ነው፣ ይከፈትባታል፣ ንገሪያት ብሎኝ ነበር።»

«መቼ?»

«ኮላውን ባደረግሽ በሳምንቱ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ተሰብሮብሽ እንድትተዪው ብዬ።»

«ቱቱ፣ ብትነግሪኝ እኮ አደርቀው ነበር» አለች። ድምፅዋ ቁጣ የለበትም፤ ያ ባሰብኝ። «ስድስት ወር ጠብቂ ብባል እጠብቅ ነበር። ዓመትም። ማንም ምንም ስላልነገረኝ ያለቀ መሰለኝ።»

ከዚያ ዞራ ተኛች። የሚሰማውን ጆሮዋን ትራሱ ላይ አድርጋ፣ የማይሰማውን ወደ እኔ አዞረችው። ይቅርታ እያልኩ ብዙ ተናገርኩ። ለማን እንደተናገርኩ እግዜር ይወቀው።

ሦስት ሳምንት ሙሉ በቤታችን «ምግብ ቀርቧል» እና «እሺ» ብቻ ነበር የሚባለው። ከዚያ አንድ ጠዋት ከመተኮሻው ላይ አቡጀዲውን ገፈፍኩ፣ ገለበጥኩት፣ መንቀያ ይዤ የአባቴን ሚስማሮች አንድ በአንድ ነቀልኩ። ኖሄያ ጩኸቱን ሰምታ መጣች። መንቀያውን ከእጄ ወስዳ አራተኛውን እግር እሷ ነቀለችው። ጣውላውን እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ተሸክመን፣ አንድ ቀይ ዓሣ በቅጠል ጠቅልዬ በክንዴ ይዤ ወደ ካዌና ሄድን። ዛፍ ለጣውላ ከመቆረጡ በፊት ቀይ ዓሣ ሥሩ ላይ ይቀበራል፤ ይህን ከፓኪ ተምሬ ሃምሳ ዓመት አልረሳሁትም።

ካዌና ደጅ ወንበሩ ላይ ነበር። የፓኪን ጣውላ ሲያይ ግራ እጁን ዘረጋለት። ተንበረከክሁ።

«ካዌና፣ ያን ቀን የተናገርኩት ውሸት ነው። ስናገረውም አውቅ ነበር» አልኩት። «አሁን ልጄን አስተምርልኝ።»

እንባው በቀኝ ጉንጩ ወረደ፤ እዚያ ጋ ስለማይሰማው አልጠረገውም። ግራ እጁን አንሥቶ ከቤቱ ጀርባ ያለውን አንዱን ዊሊዊሊ አመለከተ።

ዛፉ ወደቀ፣ ግንዱ ተሰነጠቀ፣ ጥላ ሥር ተጋድሞ ስድስት ወር ደረቀ። በእነዚያ ስድስት ወራት ሎካሊያ ኖሄያን ዋና አስተማረቻት። እኔንም። «አንቺ አሮጊት፣ ባሕሩ ጥርስ የለውም፣ እግርሽን ልቀቂ!» እያለች ስትጮኽብኝ የሰፈሩ ልጆች በሳቅ ይፈርሱ ነበር። በስልሳ አራት ዓመቴ ከጉልበቴ በላይ ገባሁ።

ጠረባው ሲጀመር ካዌና ከሰል በግራ እጁ ይዞ በእንጨቱ ላይ ያሰምራል፤ ኖሄያ በመጥረቢያ ትከተላለች። ስትሳሳት የወንበሩን ክንድ ይመታል። ጎበዝ ሊላት ሲፈልግ ዓይኑን ይጨፍናል። እንዲህ እንዲህ እያለ ሆዱ፣ ወገቡ፣ አፍንጫው ወጣ። አንድ ቀን ጭራው ላይ ደረሱ። ካዌና የፓኪን ጣውላ ገልብጡልኝ አለ በእጁ። ገለበጥንለት። ከጭራው አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ፣ በሆዱ በኩል፣ አንድ ቦታ በአውራ ጣቱ ደጋግሞ ዳሰሰ። ከዚያ በአዲሱ ላይ ያንኑ ቦታ አመለከተ። እኔን አየኝ። «ኧ... ኧ...» አለ።

«ይቅጠን?» አለች ኖሄያ። አይደለም ለማለት ራሱን ነቀነቀ። «ይወፍር? ይጎድጉድ? ክብ ይሁን?» ራሱን ነቀነቀ። የፓኪን ጣውላ እኔም ዳሰስኩት። እዚያ ጋ ጣቴ ምንም አይለይም፤ ሃምሳ ዓመት የእግር ሚስማር ተመትቶበት ቀዳዳ ሆኗል። ካዌና እንደገና ሞከረ። የአንገቱ ሥር ተገተረ። ቃሉ አልወጣም። ሦስት ቀን ጠየቅነው፤ በአራተኛው ቀን ከሰሉን መሬት ላይ ጣለና በእጁ ተዉት አለን። ፊቱን ወደ ባሕሩ አዞረ።

በዚያው ክረምት አረፈ።

አንባቢዎቼ፣ ልጃችሁን አትፍሩላት አልላችሁም፤ ፍርሃት ከአያት ልብ ነቅሎ የሚወጣ ሚስማር አይደለም። ነገር ግን የምትፈሩላትን ነገር የሚያውቅ ሰው በሰፈራችሁ ካለ፣ ዛሬ፣ ምላሱ ሳይታሰር፣ ልጃችሁን በእጇ ይዛችሁ ሂዱና «አስተምርልኝ» በሉት። እናንተም የምታውቁት አደጋ ካለ ተናገሩ። ልጅ ከአደጋው ይልቅ በእኛ ዝምታ ይጎዳል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚባለውን ለልጆች እንነግራለን፤ የማስተማሩ ዕዳ ግን የእኛ ነው።

አሁን የምተኩሰው ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው። ኖሄያ ጣውላዋን ጨርሳ በኩኩይ ፍሬ ዘይት አሽታ አጥቁራዋለች። ካዌና ባመለከታት ቦታ ላይ ግን መላጊያ አላሳረፈችም፤ ሻካራውን እንዳለ ትታዋለች። በግራ ጥልቁ መንገድ ትገባለች፣ ማዕበሉን ቆማ ትመጣለች፣ እኔ እስከ ወገቤ ውሃ ውስጥ ገብቼ እጠብቃታለሁ።

ጥሩ ጣውላ ነው ትላለች። ብቻ ማዕበሉ ትልቅ ሲሆን ትንሽ ወደ አንድ ጎን ይጎትታል። ለምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው የለም።